ሰመር ነው ዊንተር? የፎገራ ክረምት ማስታወሻ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ ዳገቱም ቁልቁለቱም እያለቀ ይመጣል፤ የጉማራን ወንዝ ሲሻገር ሜዳ ብቻ ይሆናል። ፎገራ ይህ ነው። በሚያዝያ ያየው ሰው አቧራውንና ውሃ ፍለጋ የሚነዳውን ከብት ያስታውሳል። በነሐሴ ያየው ግን ውሃ የቋጠረ የሩዝ ማሳ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ ገበሬ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ማሳው የት እንዳበቃና ጣና የት እንደጀመረ የማይለይ ግራጫ ዳርቻ ያያል። እኔ የሄድኩት በነሐሴ ነው፤ ለዘመድ ጥየቃ።

ሚኒባሱ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀምጠናል። አንድ ወጣት መስኮት ከፍቶ ነበርና ከኋላ የተቀመጡ እናት "ዝጋው እንጂ ልጄ፣ ወጨፎው ፈጀን እኮ!" አሉት። ዘጋው። ብዙም ሳንሄድ ረዳቱ "አባርቷል፣ ክፈቱት፣ ታፈንን" አለ። ተከፈተ። ደግሞ "ካፊያ ነው፣ ምንም አይል" የሚል መጣ፤ "ካፊያ ትላለህ እንዴ፣ ዶፍ ሊለቀው ነው፣ ያንን ጥቁረት አታይም?" ብሎ የሚመልስም አልጠፋም። ሾፌሩ ብቻ "እኝኝ ሲል ነው የሚዋለው" ብሎ ነገሩን ዘጋው። ከሐሙሲት እስከ ወረታ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ስለ ዝናብ የተነገረው ግን ብዙ ነበር፤ ማንም ቃል ፍለጋ ሲቸገር አላየሁም።

ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገድ ያበለጸጋት ከተማ ናት። የጎንደሩ መንገድ በመሃሏ ያልፋል፤ ቻይናውያን ሠርተው በደርግ ዘመን ያጠናቀቁት የደብረ ታቦር፣ የጋሸናና የወልድያ መንገድ ደግሞ ከእርሷ ይገነጠላል። ስለዚህ ጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮው፣ ሁሉም እዚያች መገንጠያ ላይ ይጋፋል። ደረቅ ወደብም አላት። በነሐሴ ዶፍ ውስጥ "ደረቅ ወደብ" የሚለውን ሰሌዳ ያነበበ እንግዳ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

ያረፍኩት የአጎቴ ልጅ ቤት ነው። በረንዳው ላይ የሰፈር ልጆች ተሰብስበዋል። ለካ በክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ አንድ ወጣት የማጠናከሪያ ትምህርት እየሰጣቸው ኖሯል። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነና መንገዱም ስለጨቀየ ታናናሾቹ እዚሁ እንዲማሩ ተስማምተዋል። የዕለቱ ትምህርት እንግሊዝኛ፣ ርዕሱ "ዌዘር" ነው። ግድግዳው ላይ ከመንገድ ዳር የሚሸጥ ባለ አራት ሥዕል ፖስተር ተለጥፏል። ፀሐይ፣ ደመና፣ ዝናብና አፍንጫው ካሮት የሆነ የበረዶ ሰው። ልጆቹ ስለ ሦስቱ ግድ አልነበራቸውም፤ ካሮቱን ነው የሚያዩት።

ወጣቱ "ሬይን!" አለ። ልጆቹ "ሬይን!" አሉ። በዚህ ጊዜ የቆርቆሮው ጣሪያ ተንጫጫ፤ ዶፉ ወረደ። መምህሩ አፉ ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ የሚለው አይሰማም። ጮኸ፤ አልተሰማም። ዝናብ የሚለውን ቃል ዝናቡ ራሱ አላስተምር አለ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ሁሉም ወደ በረንዳው ጠርዝ ሄደው እጃቸውን ከክፈፉ ለሚንዠቀዠቀው ውሃ ዘረጉ። ሰማዩ ትንሽ ሲለቅ አንዷ፣ ስድስተኛ ክፍልን የጨረሰችው፣ ደብተሯን ከሁለት ቦታ ገልጣ እያስተያየች "ቲቸር፣ ክረምት ሰመር ነው ዊንተር?" ብላ ጠየቀች። ቲቸሩ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ዝናቡ አየሁ።

ልጅቷ ያነሳችው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ አገሩ ሁሉ ተስማምቶ የተወው ጥያቄ ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ ክረምትን የሚፈልግ ሰው "ዊንተር" የሚል ያገኛል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክረምት ይበርዳል፣ ጋቢ ይለበሳል፣ እሳት ይሞቃል፣ ከቤት አይወጣም። በሌላ በኩል መምህራን በሐምሌና በነሐሴ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩትን ትምህርት ማንም ሰው "ሰመር" ነው የሚለው። "ባለቤቴ ሰመር ሄዳለች" ያለ ሰው ሚስቱ ዣንጥላና ሹራብ ይዛ ሄዳለች ማለቱ ነው። ይህም ምክንያት አለው፤ ሐምሌና ነሐሴ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰመር ነው፤ እኛም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ነን፤ ፀሐይዋ በሰኔ ወደ ሰሜን አድልታ ትውላለች። በሰማዩ ሥርዓት ከሄድን ሰመር ነው፤ በብርዱ ከሄድን ዊንተር።

ጉዱ የሚመጣው ግን አራቱን ወቅቶች አንድ ላይ ስናስቀምጥ ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ተማሪ የሚያውቀው ዝርዝር እንዲህ ይላል። ክረምት ሰመር፣ ጸደይ ስፕሪንግ፣ በጋ ዊንተር፣ በልግ ኦተም። ጸደይ ማለትም ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ነው ይባላል፤ አደይ አበባ ስለሚፈካ። እሺ ብለን ዓመቱን በቅደም ተከተል እናንብበው። ሰመር ያልፍና ስፕሪንግ ይመጣል፤ ከስፕሪንግ በኋላ ዊንተር፤ ከዊንተር በኋላ ኦተም። እንዲህ ያለ ዓመት በየትኛውም የዓለም ጥግ የለም። ለንደን ላይ ከሰመር ቀጥሎ ኦተም ነው። ኬፕታውን ላይ መስከረም በእርግጥ ስፕሪንግ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ሐምሌ ዊንተር ነበር። እኛ ሰመርንና ዊንተርን ከለንደን፣ ስፕሪንግንና ኦተምን ከኬፕታውን ወስደን አንድ ዓመት ገጣጠምን። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ያስኬዳል፤ አንድ ላይ ግን አይሄድም። ከዚያ ልጁ ይህን በቃሉ ይይዝና ፈተና ላይ ይጽፋል፤ "ራይት" ይደረግለታል።

የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን ቀመር ለሚያውቅ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ቀመር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። አደይ አበባ የሚፈካበት ወራት በክረምት ማብቂያና በመፀው እንጂ በጸደይ አይደለም። ጸደይ መሬቱ ለክረምት የሚሰናዳበት ጊዜ ነው። የልጅቷ አያት ይህን ያውቃሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸውና። ልጅቷ አታውቀውም፤ እንግሊዝኛው ስፕሪንግን መስከረም ላይ ስለተከለባት ጸደይንም አብሮ ጎትቶ ወሰደው። የአየር ትንበያ የሚሠሩት ባለሙያዎች ደግሞ አራት ብለው አይጀምሩም፤ የእነርሱ ወቅት ሦስት ነው። ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት።

እነዚህ ባለሙያዎች ምን እንዳደረጉ ልብ ማለት ይገባል። የኢትዮጵያን ዝናብ የሚያጠኑ ሰዎች፣ የእኛዎቹም የውጭዎቹም፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፋቸው ውስጥ ክረምትን "ክረምት"፣ በልግን "በልግ"፣ በጋን "በጋ" ብለው በላቲን ፊደል ይጽፋሉ። ብዙ ጊዜ ሰመር ወይም ዊንተር ብለው አይተረጉሙም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እነዚያ ቃላት የሚለኩት በሙቀትና በቅዝቃዜ ነው፣ የእኛ ወቅት የሚለካው በዝናብ ነው። ሳይንቲስቱ ከተወው በኋላ የስድስተኛ ክፍል ልጅ የምትሸከምበት ምክንያት አይታየኝም። "ክረምት ኢዝ ዘ ሬይኒ ሲዝን" ብትል አንድም እንግሊዛዊ አይስታትም፣ አንድም የፎገራ ገበሬ አይከራከራትም።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ብራ ሆኖ አደረ። ወደ ሻጋ በሚወስደው መንገድ በእግሬ ወጣሁ። መንገድ ማለቴ ለክብሩ ነው፤ ዋልካው ጫማ ይይዛል፣ የያዘውን ደግሞ አይለቅም። ማሳው ዳር ለአረም ከደጋው የወረዱ ወጣቶች ተሰልፈው ጎንበስ ብለዋል። ሩዝ ከባድ አረም አለበት፤ ስለዚህ በየክረምቱ ከፋርጣና ከዚያ ማዶ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ወረታን ይሞላታል። አንድ ሽማግሌ ቦይ እያበጁ ነበር።

"እንደምን አደሩ አባቴ፤ ዛሬስ ሰማዩ ጥሩ ነው" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን። የየትኛውን ሰማይ ነው የምትለኝ?" አሉኝ። አካፋቸውን ተክለው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። "የኛን ሰማይ አትይ፤ ጉናን እይ። ጉና ከተሸፈነ እዚህ ፀሐይ ብትሞቅ ምን ይረባሃል? ማታ ርብ ይመጣብሃል።"

ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ርብም ጉማራም የሚነሱት ከእርሱ ወገብ ነው፤ ሁለቱም ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ዳገቱን በፍጥነት ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ያልቅና የተሸከሙትን ደለል ይጥላሉ። የርብ ወለል በደለል ከፍ ከፍ እያለ ስለመጣ ወንዙ ከአልጋው ለመውጣት ብዙ አይጠየቅም። በዚህ ላይ ጣና ራሱ ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ቆይቶ ሞልቶ የሚታየው በመስከረም ግድም ነው፤ ወንዙ ሲመጣ ሐይቁ "ቦታ የለኝም" ይለዋል። ውሃው ታዲያ ወደ ጎን ይተኛል። በሜዳው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ሜዳው በውሃ ሊያድር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ፖስተሩ ላይ ምን አለ? ፀሐይ፣ ደመና፣ ዝናብ፣ የበረዶ ሰው። "ፍለድ" የሚል ሥዕል የለም። በ1998 ክረምት፣ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሰው በጨረሰበት፣ የኦሞ ወንዝ ዳሰነችን ባጥለቀለቀበት በዚያው ክረምት፣ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ በጎርፍ ተውጠው ነበር። ሰው ከቤቱ ወጥቶ በታንኳ ተጓጉዟል፣ ከብት አልቋል፣ ቀዬው ሐይቅ ሆኗል። ያኔ ያልተወለደችው ልጅ ስለዚያ ጎርፍ ከእናቷ ሰምታ ታውቃለች፤ በእንግሊዝኛ ግን የምታውቀው አይታ ስለማታውቀው የካሮት አፍንጫ ነው። የተማረችውን እንግሊዝኛ ይዛ አንድ የእርዳታ ሠራተኛ ወይም አንድ ጋዜጠኛ በሯ ላይ ቢመጣ "ዚስ ኢዝ ስኖውማን" ልትለው ነው?

"ስኖው" ራሱ ጣጣ አለበት። እኛ በረዶ የምንለው ከሰማይ እየተወረወረ የጤፍ ዛላ የሚያጎነብሰውንም፣ ራስ ዳሸን ላይ አንዳንዴ የሚነጣጠፈውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚጋገረውንም ነው። እንግሊዞች ለሦስቱ ሦስት ስም አላቸው። ልጆቹ "ስኖው ማለት በረዶ" ብለው ስለያዙ አንደኛው ልጅ "የስተርደይ ስኖው ሂት ማይ ሄድ" ብሎ ጻፈ። መምህሩ ሰዋስዉን አይቶ "ጎበዝ" አለው። ፎገራ ላይ የሚወርደው "ሄይል" ነው። ገበሬውን የሚጎዳውም እርሱ ነው። መጀመሪያ መማር የሚገባውም እርሱ ነበር።

ከሽማግሌው ጋር ትንሽ ቆየሁ። ሩዝ ፎገራ ላይ የጥንት እህል እንዳልሆነ ይታወቃል፤ የመጣው በደርግ ዘመን ነው፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር፤ የተሞከረውም በሻጋና በደራው ጅግና የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። ለብዙ ዓመታት አገሩን የሞላው "ኤክስ ጅግና" የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በሽማግሌው የወጣትነት ዘመን ይህ ማሳ ክረምት ክረምት ውሃ ተኝቶበት የሚከርም፣ ለከብት ሣር እንጂ ለሰው እህል የማይሆን መሬት ነበር። ፎገራ በከብት ዝርያው ስሙ የታወቀው በከንቱ አይደለም። "ውሃው ጠላታችን ነበር፤ ሩዝ መጣና አስታረቀን" አሉኝ። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘሩበታል። ስለዚህ የፎገራ ሰው ዝናብ ሲበዛ "ጎርፍ መጣ" ይላል፣ ዝናብ ሲያንስ "ሩዙ ደረቀ" ይላል፤ መካከሉን ለማግኘት ነው ሰማይ የሚያየው።

እንግሊዞች ሲገናኙ መጀመሪያ ስለ አየር ማውራታቸው የታወቀ ነው። ለእነርሱ ጨዋታ መክፈቻ ነው፤ ሰው ሰውን ሳይነካ የሚያወራበት ጉዳይ ነው። ጎንደሬም ሰላምታ ሲሰጥ "ዝናቡስ እንዴት ነው፣ አዝመራው፣ ከብቱስ?" ይላል። ይህኛው ግን ጨዋታ አይደለም። ልጆችህ ዘንድሮ ምን ይበላሉ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ያለውን "ኢትስ ኤ ናይስ ደይ" በቃል የሚያስጠኑ መምህራን ይህን ልዩነት ቢነግሯቸው ልጆቹ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን የቋንቋውን ባለቤቶችም ባወቁ ነበር።

በዚህ አገር ስለ አየር በእንግሊዝኛ መጻፍ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ጎንደር ሲገባ ከመሣሪያዎቹ ጋር ነበር የገባው። ጎንደርና ቁስቋም ላይ ሆኖ የወረደውን ዝናብ በኢንች እየለካ መዝግቧል፤ መዝገቡም በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ርብንና ጉማራንም ተሻግሯል። ብሩስ ስለ ብዙ ነገር አጋኗል ተብሎ በአገሩ ሰዎች ተቀልዶበታል፤ እኔ ግን በዚያ መዝገብ አደንቀዋለሁ። ኢንች ሰመርም ዊንተርም አያውቅም፤ የወረደውን ይለካል፣ ይጽፋል።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ የፖስተሩን ነገር አነሳሁ። ወጣቱ መምህር ብልህ ልጅ ነው፤ ወዲያው ገባው። ፖስተሩን ገልብጦ ባዶው ጀርባ ላይ በፓርከር ሦስት ነገር ሣለ። ተራራ፣ ወንዝ፣ ማሳ። "ዋት ዱ ዩ ሲ?" አላቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ልጅቷ ወደ ምሥራቅ አየችና "ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ኦን ጉና" አለች። ሌላው "ዘ ሪቨር ኢዝ ፉል" አለ። "ዘ ሮድ ኢዝ ማዲ"፣ "ማይ ሹ ኢዝ ኢን ዘ ማድ"፣ "ዘ ራይስ ኢዝ ግሪን"። አንድ ትንሽ ልጅ "ፎግ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ዘሎ ተነሳ፤ "ቲቸር፣ ፎገራ ማለት የፎግ አገራ ማለት ነው!" አለ። ውሸት ነው፤ ግን በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ሜዳው ላይ የሚተኛውን ጉም ላየ ሰው ደህና ውሸት ነው፤ ያ ቃል ከዚያ ልጅ አእምሮ እስኪያረጅ ድረስ አይወጣም።

ቁጥርም አስገባን። የዝናብ መለኪያ የሚያነቡ ታዛቢዎች በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውሃውን በሚሊ ሜትር ያነባሉ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። "ዛሬ 30 ሚሊ ሜትር ዘነበ" ቢባል በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር ላይ፣ 75,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ልጆቹ በጀሪካን አካፈሉት፤ 3,750 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሆነ። ውሃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸውና ዝም ብለው ተያዩ። "ሄቪ ሬይን" ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገም። "ድሪዝል" ደግሞ ጠብታው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ካፊያ። "ሻወር" መጥቶ የሚሄድ ነው። እኝኝ ለሚለው ግን የሚመጥን አንድ ቃል አጣንለት፤ ተውነው።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እነዚህ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ጂኦግራፊውም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ወረታ ላይ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ጃፓኖች ጭምር የተመላለሱበት ነው፤ እዚያ ተቀጥሮ የሚሠራ የፎገራ ልጅ ስለ ጎርፍ፣ ስለ እርጥበት፣ ስለ ዝናብ መግቢያና መውጫ በእንግሊዝኛ መጻፍ አለበት። በ2007ና በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ዝናቡን አዛብቶ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እጁን ለእርዳታ ሲዘረጋ፣ ትንበያው ሁሉ "ከመደበኛ በላይ"፣ "መደበኛ"፣ "ከመደበኛ በታች" በሚሉ ከእንግሊዝኛ በተመለሱ ሐረጎች ነበር የሚነገረው። "ከመደበኛ በታች" ማለት ይዘንባል ወይስ አይዘንብም? ሽማግሌውን ብትጠይቋቸው "መደበኛው ስንት ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ትንበያ አንባቢዎቹ ግን ብዙ ጊዜ አይመልሱትም።

በሌላ ጊዜ በታኅሣሥ ወደዚያው ስመለስ ሜዳው ደርቆ፣ ሩዙ ታጭዶ፣ የጓያው አረንጓዴ ወጥቶ አገኘሁት። ከሐይቁ በኩል ባሉት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ላይ ረጃጅም እግርና አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች በመንጋ ሰፍረዋል። እንግሊዝኛው "ክሬን" ይላቸዋል። ከሩሲያና ከምሥራቅ አውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ናቸው፤ እዚያ መሬቱ ነጭ በሆነበት ወራት እዚህ የወደቀ እህል ይለቅማሉ። "ዊንተር" እና "ስኖው" ፎገራ ላይ ሥዕል ካስፈለጋቸው ሥዕላቸው እነዚህ ወፎች ናቸው። ልጆቹን ወስዶ "እነዚህ ለምን መጡ?" ብሎ መጠየቅ ነው፤ "ቢኮዝ ኢት ኢዝ ኮልድ ኢን ሩሲያ"። ካሮት አያስፈልግም። ረግረጎቹ ግን ለሩዝና ለግጦሽ እየተጠነፈፉ እየጠበቡ ነው፤ ጎብኚ ቶሎ ቢሄድ ይሻለዋል።

የእንግሊዝኛ መምህራን፣ መጽሐፍ የምታዘጋጁም፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ክረምትን ክረምት በሉት፤ "ሬይኒ ሲዝን" ብላችሁ አስረዱት፤ አራቱን የአውሮፓ ወቅቶች ደግሞ እንደ ሌላ አገር ወቅት፣ ከነ ወራታቸውና ከነ ቅደም ተከተላቸው አስተምሩ። ሥዕሉ ላይ ለባሌ ልጅ የባሌን ውርጭ፣ ለአፋር ልጅ ወበቁን፣ ለፎገራ ልጅ ርብን ሣሉለት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ያ ወጣት የሠራው በፖስተር ጀርባና በአንድ ፓርከር ነው።

ወረታ የምታልፉ መንገደኞችም፣ ልጆች ከበዋችሁ እንግሊዝኛ ሊለማመዱ ሲሞክሩ "ዋት ኢዝ ዩር ኔም" እያላችሁ አታሰልቿቸው፤ ዛሬ ጉና ላይ ምን እንደሚታይ ጠይቋቸው። የምትሄዱት በነሐሴ ከሆነ ቦቲ ጫማ ያዙ። አስፋልቱን ለቃችሁ ወደ ማሳው ስትገቡ ያለው ዋልካ ነው።